የላንሺ ክንድ

የላንሺ ጣቶች ከትኩሱ ውኃ በወጡ ቁጥር እንደ ተላጠ ሽንኩርት ነጥተው፣ ጫፋቸው ተሸብሽቦ ይታያሉ። እሷ ግን ፋታ አትሰጣቸውም። በቀኝ እጇ ትንሿን የሸምበቆ መጥረጊያ ይዛ በሰፊው ድስት ላይ የሚንሳፈፉትን የሐር ትል ጎጆዎች ቀስ አድርጋ ትዳብሳለች። መጥረጊያው ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሲጣበቅ ጫፉን ትይዛለች፤ የአምስት የስድስቱን ጎጆ ጫፍ ባንድ ላይ አድርጋ በመዳቡ ቀለበት ታሾልከዋለች፤ ከዚያ በእግሯ መርገጫውን ስትረግጥ መዘውሩ ሲጥ ሲጥ እያለ ክሩን ይጠቀልላል። አንዱ ጎጆ አልቆ ትሉ ራቁቱን ሲቀር፣ ክሩ ሳይሳሳ ወዲያው ሌላ መተካት አለበት። ክሩ መሳሳቱን የሚያውቀው ዓይን አይደለም። የግራ እጅ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ናቸው።

በዚያ ቦይ ዳር ባሉት መንደሮች ሁሉ የፋን ላንሺን ክር የሚያህል አልነበረም። ነጋዴዎቹ ሳያዩ በጣታቸው ዳስሰው ያውቁታል።

ከእንጨቱ ግድግዳ ጀርባ አባቷ አቶ ዴሾው ያስላሉ። ከአልጋቸው ሥር ቢጫው የተባለው ሽማግሌ ውሻቸው ይተኛል፤ እሳቸው ሲስሉ እሱም ቀና ብሎ ያያቸውና ተመልሶ ይጋደማል። ዝናቡ ከገባ ጀምሮ የቤቱ ግድግዳ ላብ እንዳሰመጠው ሰው ይንጠባጠባል፤ የአቶ ዴሾውም ደረት አብሮ እንደ ራሰ ነው።

የወንድሟ ሚስት ፔይዩ ከድስቱ ሥር የእንጆሪ ዛፍ ጭራሮ እየማገደች ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘነበለች።

«ዛሬ ደግሞ ሳሉ ቀጥኗል። ሳል ሲቀጥን ደግ አይደለም።»

«እትዬ፣ እሳቱን ትንሽ ቀነስ አድርጊው። ውኃው ከተንተከተከ ክሩ ይበጣጠሳል።»

«አንቺ ስለ ክር ታስቢያለሽ፤ እኔ የማስበው ስለ ነጭ ልብስ ነው። አጨዳው ሳይደርስ ነጭ ከለበስን ያንቺ ቀይ ልብስ የብል ቀለብ መሆኑ ነው።»

ላንሺ መርገጫውን ሁለት ጊዜ ሳተችው።

ፔይዩ ያለችው እውነት ነበር። ሩዙ ታጭዶ ሲያበቃ ላንሺ ቀይ ለብሳ፣ በቀይ ጀልባ፣ ከቦዩ ማዶ ወዳለው የባለ ጀልባው የሃይሹን ቤት ልትሄድ ተቆርጦላታል። አባቷ ከዚያ በፊት ከሞቱ ግን ልጅ ለሦስት ዓመት ነጭ ለብሶ ያዝናል እንጂ አያገባም። የሃይሹን እናት ደግሞ በጋብቻ አገናኟ በኩል ቁርጡን ልካለች፦ «ጀልባዬ ዘንድሮ እጅ ይፈልጋል። እኔ ሦስት ዓመት የሚጠብቅ ጉልበት የለኝም። ሽማግሌው ከሞቱ ነፍስ ይማር፤ እኛም ሌላ እንፈልጋለን።»

ላንሺ ለሙሽርነት ወጣት አልነበረችም። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ድስቱና መዘውሩ የእሷ ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር አባቷ «የዘንድሮው ጎጆ ይለፍ» ይላሉ፤ ጎጆው ግን በየዓመቱ ይመጣል። የመንደሩ ሴቶች በመታጠቢያው ድንጋይ ላይ ሲያገኟት «ላንሺ እኮ ጎጆዋን ሳትበሳ የምትቀቀል ትል ሆነች» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች።

ሃይሹንን ያወቀችው እዚያው ድንጋይ ላይ ነው። አንድ ቀን ባልዲዋ አምልጧት በውኃው ሲሄድ እሱ ከጀልባው ላይ በመግፊያው ዘንግ ጠለፈና መለሰላት። «ባልዲሽ ካንቺ ቀድሞ ሊያገባኝ ነበር» አላት። ሰው ስላለ አልሳቀችም፤ ቤት ገብታ እሳት ፊት ቁጭ ብላ ሳቀች። አገናኟ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን በትራሷ ሥር የአማቷ የእግር ልክ በወረቀት ተቆርጦ ተቀምጧል፤ ሙሽራ ለአማቷ ጫማ ሰፍታ ትሄዳለችና። አንዱ ጫማ አልቋል፤ ጎኑ ላይ የሌሊት ወፍ ጠልፋበታለች፣ ለዕድል። የሁለተኛው ሶል ገና ነው።

ጎጆ ለቀማው ሲያልቅ በቤተ መቅደሱ ግቢ የሐር ትሏ እመቤት በዓል ሆነ። ዓይነ ስውሩ ተራኪ ትንሿን ከበሮውን በጉልበቱ መሐል ይዞ የልጅቱንና የኮኩን ዛፍ ታሪክ አወጣ። የታመመች እናት በበረዶ ወር ትኩስ ኮክ አማራት፤ ልጅቱ ልብሷን አውልቃ፣ ግንዱን በባዶ ደረቷ አቅፋ፣ እስኪያብብ እስኪያፈራ ድረስ አሞቀችው፤ እናቲቱ በልታ ዳነች፤ ልጅቱ ግን ከግንዱ ጋር ተጣብቃ በረዶ ሆና ተገኘች። እዚህ ላይ ከበሮው ዝም አለ። ሴቶቹ ባንድ እጃቸው እንባቸውን እየጠረጉ በሌላው የሐብሐብ ፍሬ ይፈለቅቁ ነበር።

ላንሺም አለቀሰች። ግን በመሐል «ኮኩ ይጣፍጥ ነበር ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጣባትና አፍራ አንገቷን ደፋች።

የፋን ዘር ታላቅ የሆኑት አቶ ጓንሊ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጢማቸውን በማበጠሪያ የሚያበጥሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ይኸን የሰማ ጆሮ ምን ይላል?» አሉ። «ድልድዩ አፍ ላይ የቆመው የድንጋይ በር የማን ነው?»

«የዡ ዘር» አለ አንዱ በቀዝቃዛ ድምፅ።

«የዡ ዘር! ለአማቷ ስትል የሞተች ምራት ነበረቻቸውና መንግሥት የክብር በር አቆመላቸው። እኛ ፋኖች ገበያ በወጣን ቁጥር በሰው ድንጋይ ሥር እናልፋለን። እኔ በበኩሌ ስምንት ልጅ ወልጄ ሰባቱን የዳርኩ ሰው፣ እዚያ ስደርስ ባርኔጣዬን ወደ ዓይኔ እስባለሁ። ፋን ሴት ልጅ አጥቶ ነው?»

ከዚያ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ላንሺ ዞሩ።

«እርግጥ» አሉ አቶ ጓንሊ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ማንንም አይጠይቅም። ከተጠየቀ ዋጋ የለውም። አያቴ ሲሉ እንደ ሰማሁት፣ መድኃኒት ያቃተውን በሽታ የሚያድን ከልጅ ክንድ የተቆረጠ ሥጋ ነው። በሾርባ ይሠራል። በሽተኛው ካወቀ አይሠራም፤ ልጅቱም ከተናገረች አይሠራም። ዝም ብሎ መስጠት ነው። ዝም ብሎ።»

ተቀመጡና ሻያቸውን ጠጡ።

በማግስቱ መድኃኒት ቀማሚው መጣ። የአቶ ዴሾውን እጅ ይዞ ብዙ ቆየና ሲወጣ ጫማውን እያጠለቀ «ከእኔ መደርደሪያ ያለው አልቋል» አለ። ወንድሟ ቦሩይ አንገቱን ነቀነቀ፤ ነገር የማያበዛ፣ ሚስቱ ስትናገር የራሱን ጥፍር የሚያይ ሰው ነው።

በዚያው ቀን ቢላ ሞራጁ ብረቶቹን እያንቃጨለ በድልድዩ አለፈ። ፔይዩ የወጥ ቤቱን ቢላ ይዛ ሮጠችና አስሞርዳ መጣች። በመስኮቱ ብርሃን ላይ አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ከሐር ድስቱ ጠርዝ ላይ፣ ላንሺ ከምትቀመጥበት በኩል አኖረችው።

«ምነው እዚህ?» አለች ላንሺ።

«የት ላኑረው ታዲያ? እኔ ምንም አላልኩ። አልኩ እንዴ?»

«አላልሽም።»

«አላልኩም። ያንቺ ቀይ ልብስ እንጂ የእኔ አይደለም።»

ላንሺ ሌሊቱን ስታስብ ያደረችው ስለ ድንጋይ በር አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ስለ አባቷም ብቻ አልነበረም። «እስከ አጨዳው ብቻ ይቆዩልኝ» ትላለች በልቧ፤ «እስከ አጨዳው። ከዚያ በኋላ ሰማይ ያውቃል።» ስለ ራሷ ስትል የምትሰጠው ሥጋ መድኃኒት ይሆን አይሆን አላወቀችም። የምትጠይቀው ሰው ደግሞ የለም፤ መጠየቅ መናገር ነውና።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣች። የግራ ክንዷን ከላይም ከታችም በራሷ ክር ጠፍራ አሰረች። ቀኝ እጇ ቢላውን ይዞ ሳያመነታ ቆረጠ፤ ሥራ የለመደ እጅ ነው። አፏ ውስጥ የጎረሰችው ጨርቅ ግን ከዳር እስከ ዳር ተበሳስቷል። ቁስሉ ላይ አመድ ነሰነሰች፤ ድሪቶ ሐር ጫነችበት፤ በእጅጌዋ ሸፈነችው። ከዚያ ዝንጅብል ቀጥቅጣ፣ የሽንኩርት ቅጠል ቆራርጣ ሾርባውን ሠራች። ሲፈላ አረፋውን እንደ ወትሮው በማንኪያ ገፈፈች። ሲበስል የሚወጣው ሽታ ምንም የተለየ ስላልነበረ ደነቃት።

አባቷ ሳህኑን ተቀበሏት። ሴት ልጅ አባቷ ሲበሉ ቆማ አታይም፤ መጋረጃውን ጥላ ወጣች። ከውጭ ሆና የማንኪያውን ድምፅ አንድ ሁለቴ ሰማች፤ ከዚያ ዝምታ፤ ከዚያ ትንሽ የመላስ ድምፅ። ገብታ ሳህኑን ስታነሣ ተጠርጎ አልቋል። ቢጫው ከአልጋው ሥር ጅራቱን መታ መታ አደረገ።

«ጨው በዝቶታል» አሉ አባቷ።

«ይቅርታ፣ አባባ።»

በሩ ጋ ስትደርስ እንባዋ መጣ። በደስታ ነው ያለቀሰችው።

አልተናገረችም። ግን ከእጅጌዋ የወረደ አንድ የደም ጠብታ የሐሩ ድስት ውስጥ ገብቶ ኖሮ በመዘውሩ ላይ ከነጩ ክር መሐል አንድ ቀላ ያለ መሥመር ታየ። ፔይዩ አየችውና የላንሺን እጅጌ ወደ ላይ ገፈፈችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቦዩ ሁሉ ሰማ።

«ኑ! ኑ ሰዎች! ፋን ሴት ልጅ አለው! ኑና እዩ!»

ዝናቡ በዚያ ሰሞን አባራ። ግድግዳው ደረቀ፤ የአቶ ዴሾውም ደረት አብሮ ደረቀ። ከአልጋቸው ተነሥተው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ያየ ሁሉ ወደ ላንሺ ዞሮ እጅ ይነሣል። አቶ ጓንሊ በአዲስ ልብስ መጥተው እንባቸውን በጣታቸው ጫፍ አበሱ። እንቁላል ይዘው የሚመጡ፣ እጅጌዋን ነክተው የሚሄዱ፣ የታመመ ልጅ አዝለው «እስቲ እጅሽን ጣይበት» የሚሉ በረከቱ። አንዲት አሮጊት ደም የነካው ጨርቅ ለመነቻት። ፔይዩ ቀድዳ ሰጠቻት።

ቁስሉ ግን መገለ። ሲድን የግራ እጇን ሁለት ጣቶች፣ ሌባ ጣቷንና የመሐል ጣቷን፣ ይዞ ሄደ፤ እንደ ደረቀ ጭራሮ ተገትረው ቀሩ። መዘውሩ ላይ ስትቀመጥ ክሩ መቼ እንደ ሳሳ ማወቅ አቃታት። ነጋዴው የዚያን ሰሞን ክር ዳስሶ ምንም ሳይናገር መልሶ አስቀመጠው።

«ምንም አይደል» ትል ነበር ለራሷ። «ጀልባ ላይ ሐር አይፈተልም።» ሁለተኛውን ሶል ባንድ እጇ ይዛ በጥርሷ መርፌውን እየሳበች መስፋቷን ቀጠለች።

አንድ ነገር ብቻ ይገርማት ነበር። ቢጫው ከእሷ ጎን አይጠፋም። ድስቱ ጋ ስትቀመጥ ይመጣል፤ መታጠቢያው ጋ ይከተላታል፤ ግራ እጅጌዋን እያሸተተ ይልሳል። እሷም «እንስሳ እንኳን ያዝናል» እያለች ከሩዟ ታካፍለው ነበር።

አጨዳው ሲቃረብ አቶ ጓንሊ ድንጋይ ጠራቢ ይዘው መጡ። ቦሩይ ሻይ አቀረበ፤ አቶ ዴሾው በክብር ወንበር ተቀመጡ። ላንሺ በሩ አጠገብ ቆመች።

«የክብር በሩ ወረቀት ለአገረ ገዢው ገብቷል» አሉ አቶ ጓንሊ። «ይሁንታው አይቀርም። አንዲት ነገር ብቻ ናት። ያገባች ሴት የባሏ ዘር ናት። ላንሺ ከሄደች ክብሩም አብሮ በጀልባ ተሻግሮ ሄደ ማለት ነው። ባለ ጀልባ ምን ያደርግለታል የድንጋይ በር? ጀልባውን ሊያስርበት?»

ድንጋይ ጠራቢው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

«እና ምን ይሁን?» አለ ቦሩይ።

«ምን ይሆናል! አባቷን ትታ መሄድ አልሆንላት ብሎ ራሷ ቀርታለች። እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፤ ደግሞም እውነት ነው። ሥጋዋን የሰጠች ልጅ እግሯን ትነፍጋለች?» ወደ ላንሺ ዞረው ፈገግ አሉ። «አይደለም እንዴ ልጄ?»

ላንሺ ከንፈሯ ተላቀቀ። ፔይዩ ከኋላዋ ሆና ወገቧን ቆነጠጠቻት።

«አፍራ ነው» አለች ፔይዩ። «ከደስታ ብዛት ነው፣ አጎቴ።»

እንግዶቹ ሲሄዱ ላንሺ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች። እግራቸውን በሙቅ ውኃ የምታጥብበት ሰዓት ነበርና ገንዳው መሐላቸው ነበር። ስለ ራሷ አንድ ነገር ለምና አታውቅም፤ ቃሉ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶባት እግራቸውን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

«አባባ፣ ይልቀቁኝ።»

«ምን?»

«ለአቶ ጓንሊ አንድ ቃል ቢነግሯቸው ይበቃል። አባት ሂጂ ካለ ማን ይከለክላል? እርስዎ ድነዋል። እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። ሥጋዬን ...»

መናገር እንደማይገባት ትዝ ብሏት አቆመች።

አቶ ዴሾው እግራቸውን ከውኃው አውጥተው ጣቶቻቸውን አፍታቱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቢያንስ ከማንም ሰው የባሱ አልነበሩም።

«ሥጋዬን፣ ሥጋዬን ይላል አገሩ ሁሉ» አሉ። «እኔ እኮ አልበላሁትም።»

ላንሺ ቀና አለች።

«አንዴ ቀመስኩት። ጨው በዝቶበታል፤ አፌም ያን ሰሞን መራራ ነበር። ለቢጫው አወረድኩለት። እኔ ምኑን አውቄ! አንቺ አልነገርሽኝ።»

ቢጫው ስሙን ሰምቶ መጣ። የላንሺን እጅጌ አሽትቶ፣ ልሶ፣ ፊቷን አየ። ያኔ ለምን ሲከተላት እንደ ከረመ ገባት። የቀረውን እየጠበቀ ነው።

ከዚያ ድምፅዋ እንደ ትንሽ ልጅ ሆኖ ወጣ። «እንግዲያ ይንገሯቸው፣ አባባ። አልበላሁም ይበሉ። ካልበሉት ድንጋዩም የለ፤ እኔም እሄዳለሁ።»

«ምን ብዬ? 'የፋንን የክብር በር ውሻ በላው' ብዬ?» ሽማግሌው ሊስቁ ቢሉ ሳል ያዛቸው። ሲያበቁ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔ ብናገር የልጁን ሥጋ ለውሻ የጣለ አባት ነኝ፤ መቃብሬ ላይ ይተፋሉ። አንቺ ብትናገሪ አባቷን ያዋረደች ልጅ ነሽ፤ ማን ያገባሻል? ለባለ ጀልባውስ ሁለት ጣት የሌላት ሴት ምን ታደርግለታለች? ይልቅ ውኃው ቀዝቅዟል። ሙቅ ጨምሪበት።»

ላንሺ ተነሥታ ሙቅ ውኃ አመጣች።

ከጥቂት ቀን በኋላ የሃይሹን ቤተሰብ የሰጠው ስጦታ ሁሉ ሊመለስ በቅርጫት ተሰበሰበ፤ የእግር ልክ ወረቀቱ ሳይቀር ተጠቅልሎ ገባበት። ቅርጫቱን ሊወስድ የመጣው ሃይሹን ራሱ ነበር። ላንሺ መታጠቢያው ድንጋይ ላይ ነበረች፤ ሴቶቹም ሁሉ ነበሩ። ጫማዎቹን፣ ሁለቱንም ያለቁትን፣ ከብብቷ ሥር ይዛለች።

ሃይሹን ዘንጉን ውኃው ውስጥ ተክሎ ጀልባውን አቆመ። «አንቺ ራስሽ ነሽ እቀራለሁ ያልሽው አሉን። እናቴ አመነች። እኔ ካንቺ ልስማ ብዬ ነው።»

ሴቶቹ ልብስ መደብደቢያቸውን አቆሙ።

«አፏን ከፍታ ለወንድ መልስ እንድትሰጥ ትፈልጋለህ?» አለች ፔይዩ። «ይቺ ሌላ ሴት መሰለችህ? የአገር ክብር ናት እኮ!»

«አንቺን አልጠየቅሁም፣ እትዬ።»

ላንሺ ወደ ጀልባው አንድ እርምጃ ሄደች። «አይደለም» የሚለው ቃል ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር። አባቷ በደጃፉ ላይ፣ በፀሐዩ፣ ውሻውን አንገቱን እያከኩ ወደ እሷ ያያሉ። ቃሉን ዋጠችው።

«ባልዲሽ ከሆነ ዛሬም እመልሰው ነበር» አለ ሃይሹን ቀስ ብሎ። ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ዘንጉን ነቀለ። ድልድዩ ሥር ሲያልፍ ጎንበስ አለ፤ ከማዶ ሲወጣ ወደ ኋላ አላየም። ጫማዎቹ ከላንሺ ብብት ሥር ሳይሰጡ ቀሩ። ፔይዩ ወሰደቻቸው፤ ትንሽ ቢጠቧትም ተረከዛቸውን ረግጣ ዓመቱን ሙሉ ሩዝ ማሳ ሄደችባቸው።

የድንጋዩ በር ለድልድዩ ከዡ በር ቀርቦ ቆመ። ከዡ ዘር በር በአንድ ክንድ ይበልጣል። ላዩ ላይ «የፋን ዘር ለአባቷ ታማኝ ሴት ልጅ» ተብሎ ተቀርጿል፤ ስሟ የለም። ጠራቢው የተቆረጠ ክንድ አያምርም ብሎ የሐር ጎጆ ቀረጸበት። ሰዎች በሥሩ ዶሮ ይሸጣሉ። ላንሺም ከክር ሥራው ወጥታ የበሰበሱትን ጎጆዎች ከደኅናዎቹ የምትለይ ሆነች፤ ለዚያ አንድ እጅ ይበቃል። ቢጫው ሞተ። ለእሱም አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ ግን ራሷም አታውቅም።

ዓመታት አለፉ። አንድ የዝናብ ወር የአቶ ዴሾው ሳል እንደገና ቀጠነ። በሐር ትሏ እመቤት በዓል ዓይነ ስውሩ ተራኪ ከበሮውን ጉልበቱ መሐል አድርጎ አዲስ ታሪክ አወጣ። በታሪኩ ውስጥ አባትየው ሾርባውን እስከ መጨረሻው ጠጥቶ «ልጄ፣ ይህ ምን ዓይነት ጣፋጭ ነው?» ብሎ አለቀሰ፤ ልጅቱም ቀዩን ልብሷን በገዛ እጇ ቀድዳ እሳት ውስጥ ጣለችና «ከእርስዎ በቀር ማንንም አላውቅም» አለች። ላንሺ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሴቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ ፍሬ ይፈለቅቁ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠች ከሌላ መንደር የመጣች ወጣት ሚስት ተጠግታ «እህቴ፣ ይቺ ልጅ እውነት ነበረች ይላሉ፤ ሰምተሻል?» አለቻት።

«ሰምቻለሁ» አለች ላንሺ።

አቶ ጓንሊ አርጅተው በሁለት ሰው ተደግፈው ነበር። ታሪኩ ሲያልቅ ወደ ማንም ሳያዩ «አንድ ጊዜ የሰጡ ብዙ አሉ» አሉ። «ሁለት ጊዜ የሰጠች ግን በእኔ ዕድሜ አልሰማሁም። እርግጥ፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም።»

ሴቶቹ ዞሩ። ዓይናቸው ላንሺ ፊት ላይ አላረፈም። ቀኝ ክንዷ ላይ ነበር ያረፈው።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል ከድልድዩ በኩል የቢላ ሞራጁ ብረቶች ተንቃጨሉ። ፔይዩ ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ምላሷ ግን አላረጀም።

«ቢላው ደንዟል» አለች። «ሽንኩርት እንኳን አይቆርጥም። እስቲ ሳያልፍ ድረሺበት።»

«እሺ።»

«በደንብ ይሞርደው በዪ። በኋላ አንቺው ነሽ የምትሠቃዪው።»

ከግድግዳው ጀርባ አባቷ ሳሉ፤ ሲያበቁ «ላንሺ፣ ጨው እንዳታበዢ» አሉ።

ቢላውን በሽርጧ ጠቅልላ ወጣች። ድንጋዩ በር ሥር ስትደርስ ዶሮ ሻጮቹ ሳይመጡ ባዶ በነበረው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከጽሑፉ የሚወርደው ጠብታ ትከሻዋን ይመታታል። በቦዩ ላይ ጀልባ አለፈ፤ የማን እንደሆነ ቀና ብላ አላየችም።

ቢላ ሞራጁ ሣጥኑን ተሸክሞ ከድልድዩ ወረደ። ፊቷ ቆሞ በከንፈሩ ወደ ጭኗ ጠቆመ።

«እህቴ፣ የሚሞረድ ይዘሽ ነው?»

ላንሺ ሽርጧን ጭኗ ላይ ጠበቅ አደረገችው። የተገተሩት ሁለት ጣቶች እንኳ ለመጨበጥ ሞከሩ።

«የለኝም» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ? ወደዚህ የምመለሰው ገና ከወር በኋላ ነው።»

«የለኝም።»

ሰውየው ሣጥኑን በትከሻው አስተካከለ። ብረቶቹ በዡ በር ሥር ተንቃጨሉ፤ ከእንጆሪ ዛፎቹ ማዶ ተንቃጨሉ፤ ከዚያ ዝናቡ ዋጣቸው። ከቤት በኩል የፔይዩ ድምፅ «አንቺ ልጅ! ላንሺ! አገኘሽው?» እያለ ይጣራል። ላንሺ ቢላውን ከነድንዙ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።